ሽንት ቤቱ በሞላ ቁጥር ዛፉን ለምን ትከሱታላችሁ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ከሐዋሳ ናቸው። አራቱም የሚጠይቁት ስለ ዛፍ ሥርና ስለ ፍሳሽ ቱቦ ነው። እኔም እዚያው ከተማ ስለምኖር አልገረመኝም። እኛ ሐዋሳዎች ግቢ ስናጥር መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ዛፍ መትከል ነው። ፍሳሻችን ደግሞ የሚሄደው፣ አብዛኛው ሰው ጋ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ወደተቆፈረው ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። ዛፉና ቱቦው በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ አንድ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም። እንግዲህ አራቱንም በየተራ እንያቸው፤ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

«የአባታችን ዛፍ አይቆረጥም ብለው አኮረፉ»

«ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ግቢዬ ውስጥ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የተከለው ትልቅ ፊከስ አለ። ቡና የምናፈላው ጥላው ሥር ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ በየሦስት በየአራት ወሩ ሽንት ቤቱ እየሞላ ወደ ላይ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ መጣጭ መኪና ጠርቼ አስመጠጥኩ። በሁለተኛው ሹፌሩ ‹እማማ፣ ጉድጓዱ ግማሽ እንኳን አልሞላም› አለኝ፣ ብሩን ግን ተቀብሎኝ ሄደ። በኋላ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ በሽቦ ሲጎረጉር የፈረስ ጭራ የመሰለ ሥር ጎትቶ አወጣ። ‹ዛፉ ካልተቆረጠ መፍትሔ የለውም› አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ኩንታል ጨው አፍስሺበት ትለኛለች። ልጆቼ የአባታችን ዛፍ አይቆረጥም ብለው አኮረፉ። ምን ይሻላል?»

እናቴ፣ ዛፉን አይቁረጡ። ጨውንም ለወጥ ያቆዩት።

መጀመሪያ ሥሩ እንዴት እንደገባ ልንገርዎት፤ ይህን ካወቁ ቀሪውን ራስዎ ይጨርሱታል። ሥር ቱቦ ሊሰብር ተነስቶ አይመጣም። እርጥበት ወዳለበት ያድጋል፣ በቃ። ሳይሰነጠቅ ደህና ሆኖ የተገጠመ ፒቪሲ ቱቦ ካገኘ በጎኑ ታክኮ ያልፋል እንጂ አይበሳውም። መጋጠሚያው ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ግን ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ በዙሪያው ያለው አፈር ይረጥባል። የሐዋሳ አፈር ብዙ ቦታ አሸዋና አመድ የሚመስል የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጥርና የካቲት ላይ ግቢው በሙሉ ደርቆ ያቺ አንዲት ቦታ ብቻ ርሳ ብትገኝ የፊከስዎ ሥር ወዴት ይሄዳል? ወደዚያው ነዋ! ሲገባ እንደ ክር ነው። ከገባ በኋላ ውስጡ እርጥብ ነው፣ አየር አለው፣ ማዳበሪያው ደግሞ በየቀኑ ከቤት ይላክለታል። እዚያ ውስጥ በሺህ ቅርንጫፍ ይበተናል። ወረቀቱን፣ ቅባቱን፣ ፀጉሩን እንደ ወንፊት ይይዛል። እየወፈረ ሲሄድ ደግሞ የገባበትን ክፍተት ይበልጥ ይፈለቅቀዋል፤ ያኔ ነው ሰው «ሥሩ ቱቦውን ሰበረው» የሚለው። ቀዳዳው ግን ከሥሩ በፊት ነበረ።

ለዚህ ነው ቧንቧ ሠራተኛው ያወጣልዎት የፈረስ ጭራ ተመልሶ የሚመጣው። ሥርን ቱቦ ውስጥ መቁረጥ ፀጉር ቤት እንደ መሄድ ነው፤ ለጊዜው ያምራል፣ በኋላ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ይበልጥ በዝቶ። መተላለፊያውን ለመክፈት ያስፈልጋል፣ ችግሩን ግን አይዘጋውም።

አሁን ወደ ሥራው። ከቤትዎ ወደ ታንኩ በሚሄደው መስመር ላይ ማንሆል፣ ማለትም ክዳን ያለው የቱቦ መፈተሻ ጉድጓድ፣ አለ? ካለ ሽንት ቤቱ ሞልቶ በተመለሰበት ሰዓት ክዳኑን ያስነሱት። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ መዘጋቱ ከማንሆሉ በኋላ ነው፣ በታንኩ በኩል። ማንሆሉ ደረቅ ከሆነ መዘጋቱ በቤቱና በማንሆሉ መካከል ነው። ይህቺን ሳያዩ ግቢውን በሙሉ ማስቆፈር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሌላም ልብ ይበሉ፤ ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ የሻወሩ ቀዳዳ ጉር ጉር የሚል ከሆነ፣ ወይም የልብስ ማጠቢያው ውሃ በሻወር በኩል ብቅ ካለ፣ የተዘጋው ሁሉም የሚገናኙበት ዋናው መስመር ነው። አንድ ሲንክ ብቻ ከተዘጋ ግን ዛፉን አይጠርጥሩት፤ ያ የወጥ ቅባት ነው። ሽንት ቤቱ ብቻ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞዴስ ወይም የሕፃን ዳይፐር ነው፣ ተከራይ ካለዎት በዘዴ ይጠይቁ።

መጣጭ መኪናን በተመለከተ፣ ሹፌሩ የነገረዎት ትልቅ ፍንጭ ነበር። ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሽንት ቤቱ ከሞላ ችግሩ ታንኩ አይደለም፣ መንገዱ ነው። ለወደፊቱ መኪና ከመጥራትዎ በፊት የታንኩን ክዳን ከፍተው፣ ራቅ ብለው ቆመው፣ በረጅም እንጨት ይለኩት። የእንጨቱ ዋጋ ከመኪናው ይረክሳል።

ቦታው በግምት ከታወቀ በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው ሽቦውን ከማንሆሉ ያስገባና የሚይዘው ቦታ ሲደርስ ምልክት አድርጎ ያውጣው። የገባውን ርዝመት በሜትር መሬት ላይ ሲዘረጉት የሚቆፈረው ቦታ ይታወቃል። ዕድሜ ልኩን ሲቆፍር የኖረ ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ ካላወቀ ሌላ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የድሮውን የሲሚንቶ ቱቦ ነው። በየሜትሩ የተጋጠመ፣ መጋጠሚያው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ልስኑ ደግሞ መሬቱ ትንሽ ሲሰምጥ የተሰነጠቀ። ወይም ፒቪሲ ሆኖ አንዱ ሌላው ውስጥ ያለ ሙጫ እንዲሁ የተሰካ ያገኛሉ። ይህን ሁለተኛውን ስንት ቦታ እንዳየሁት! ሙጫው የትንሽ ብር ዕቃ ነው፣ ግን ቱቦው አፈር ስለሚለብስ «ማን ያየዋል» ይባላል። ዛፉ አየው።

የተጎዳውን ቦታ ብቻ በጨርቅና በሲሚንቶ መጠቅለል አያዋጣም። ከማንሆል እስከ ታንክ ያለው ያረጀ የሲሚንቶ ቱቦ ከሆነ አቅም ከፈቀደ በሙሉ ይውጣና በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይተካ። ከታች ድንጋይ የሌለበት አሸዋ ይነጠፍለት። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ግንበኛው በዓይኑ ሳይሆን በውሃ ልክ ይለካው። መጋጠሚያው በሙጫ ከሆነ ሁለቱም ጫፍ ተጠርጎ ደርቆ ይቀባ። በጎማ የሚገጥም ዓይነት ከሆነ ጎማው ሳይጣመም ይግባ። መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ማንሆል ይሠራ። ነገ ደግሞ ቢዘጋ በክዳን ይከፈታል፣ ዶማ አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አፈር ከመመለሱ በፊት ይፈተን። በታችኛው ጫፍ ቱቦውን በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ጥርቅም አድርገው ይወትፉት፣ በላይኛው በኩል ውሃ ይሙሉበት፣ ውሃው የደረሰበትን በከሰል ያስምሩና ቡናዎን አፍልተው እስኪጠጡ ይተዉት። ውሃው ከመስመሩ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የሚያፈስ ቱቦ ላይ አፈር መልሶ ለሠራተኛው ገንዘብ መክፈል ማለት ለፊከሱ ሁለተኛ ግብዣ መላክ ነው። ሠራተኛው «ኧረ እማማ፣ ይሄ አያስፈልግም» ሊልዎት ይችላል። ያስፈልጋል።

ሲቆፈር የሚገኙት ሥሮች ጉዳይም አለ። ጣት የሚያክሉት ይቆረጡ፣ ዛፉ አይሞትም። ክንድ የሚያክል ሥር ግንዱ አጠገብ ከተገኘ ግን አይነካ፤ ዛፉን የያዘው እሱ ነው። ከሐይቁ የሚመጣውን የከሰዓት ነፋስ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የተቆረጠ ዋና ሥር ያለው ዛፍ በላላ አፈር ላይ ቆሞ ያንን ነፋስ ሲመክት ማየት አልፈልግም፣ በተለይ ቤት አጠገብ። እንዲህ ከሆነ መስመሩን አጠፍ አድርጎ ከዛፉ አርቆ መውሰድ ይሻላል፣ ጥቂት ሜትር ቱቦ ቢጨምርም።

ዛፉ ቢቆረጥስ? ልጆቹ ማኩረፋቸውን እንተወውና፣ የፊከስ ጉቶ ዝም ብሎ የሚሞት አይደለም፤ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ቢሞት ደግሞ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል፣ የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል፣ በላዩ ያለው ቱቦ ሊሰምጥ ይችላል። ቀዳዳው ደግሞ እዚያው አለ፤ ነገ የጎረቤት ዛፍ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጨው። ጨው ሥሩን ሊያደርቅ ይችላል፣ ግን አፈሩንም ለዓመታት ያበላሻል፣ ፌሮውንና ሲሚንቶውንም ይበላል፣ ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚፈጩትን ባክቴሪያዎችም ይጎዳል። ዛፉን ሳይቆርጡ ገደሉት ማለት ነው። ከጨው ሌላ ሰዎች የሚመክሩት ሰማያዊ ዱቄት አለ፣ ኮፐር ሰልፌት የሚባለው። እውነት ነው፣ ቱቦ ውስጥ ያለ ሥር ይገድላል። ግን ለዓሣና በውሃ ውስጥ ለሚኖር ነገር መርዝ ነው። የእኛ ጉድጓድ ወደ መሬት ያሰርጋል። ሐይቅ ዳር የመሬቱ ውሃ ቅርብ ነው። ሐይቃችን ደግሞ በወንዝ መልክ የሚወጣበት መውጫ የለውም፣ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ነገ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደው ቆሮሶ ዓሣ የሚበሉት እርስዎ ነዎት። እኔ አልመክርም።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ቱቦ ይከፍታል ተብሎ የሚሸጠውን አሲድና በረኪናን አንድ ላይ አያፍስሱ። ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ሥርን ደግሞ አሲዱም ሆነ በረኪናው አያሟሟውም፣ ሥር እንጨት ነው።

«ታንኩ ውስጥ ገብቼ ልቁረጠው?»

«ወንድሜ፣ እኔ ሥራ አልፈራም። የታንኩን ክዳን ከፍቼ በባትሪ ሳየው ሥሩ በግድግዳው በኩል ገብቶ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። በመሰላል ወርጄ በመጋዝ ልቁረጠው አስቤአለሁ። ምን ዓይነት ጓንት ልጠቀም?» ወጣት፣ ከመናኸሪያ አካባቢ

አትግባ! ጓንት አይደለም ጥያቄው።

ታንክ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሚቴን ይጠራቀማል፣ ኦክስጅን ደግሞ ያንሳል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት አቅምህን ያደነዝዘዋል። ሽታው ጠፋ ብለህ ደስ ሲልህ ነው የምትወድቀው። ከዚያ ወንድምህ ሊያወጣህ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። በየአገሩ እንዲህ ነው በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ሰው የሚያልቀው። ታንኩ በመጣጭ መኪና ባዶ ቢሆንም ያው ነው፣ ጋዙ ከደለሉ ይወጣል። ክዳኑን ስትከፍትም ሲጋራ ወይም ክብሪት አጠገቡ አይኑር። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ደግሞ ለአምስት ደቂቃም ከፍተኸው አትሂድ።

የተንጠለጠለውን ሥር ከላይ ሆነህ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ማጭድ ቁረጠው። የገባበትን ስንጥቅ ግን ከውጭ በኩል ቆፍረህ ግድግዳውን አግኘው፣ ሥሩን እዚያ ቁረጥ፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ልስን። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ አንድ ስንጥቅ ብቻ አይሆንም፣ ዙሪያውን እየው። ውስጡ መለሰን ካለበት የመተንፈሻ መሣሪያና የገመድ ማሰሪያ ያለው ባለሙያ ይሥራው፣ አንተ ከላይ ቆመህ እይ።

«የጎረቤቴ ዛፍ ቱቦዬን በላው፣ ልክሰሰው?»

«ታቦር ክፍለ ከተማ ነኝ። የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ አጥር ሥር ነው የቆመው። ሥሩ በአጥሩ ሥር አልፎ የእኔን የፍሳሽ ቱቦ ዘግቶታል። ስነግረው ‹ዛፍ ሥር አለው፣ ምን ላድርግ› አለኝ። ሕግ ምን ይላል? በበኩሌ ማታ ማታ የተቃጠለ ዘይት ግንዱ ሥር ላፈስበት አስቤ ነበር።» ተበዳይ

ዘይቱን ተወው። ዛፉ ቢደርቅና አጥሩ ላይ ቢወድቅ በዳዩ አንተ ትሆናለህ። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ያበላሻል፣ ምናልባትም የራስህን።

ስለ ሕግ ከጠየቅከኝ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ላይ ባለ ሀብት ለጎረቤቱ ሁከት ወይም ጉዳት ማድረስ እንደሌለበት ይናገራል። ስለዚህ «ግቢዬ ነው፣ የፈለግኩትን አደርጋለሁ» የሚለው እስከ መጨረሻው አይሄድም። ግን እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሌላም አለ፤ ጎረቤትህ ብልህ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቅህ፦ «ቱቦህ ሳያፈስ ሥሬ እንዴት ገባ?» ይህን የማትመልስ ከሆነ ፍርድ ቤት መመላለሱ ለማን ይጠቅማል?

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። መጀመሪያ ቦታውን አስቆፍራለሁ። ሥሩን ሳልቆርጥ እስከ አጥሩ ድረስ ተከትዬ አጋልጠዋለሁ፤ የማን ዛፍ እንደሆነ በዓይን ይታያልና። አንዳንዴ በባሕር ዛፍ የተማረረ ሰው ሲቆፍር የሚያገኘው የራሱን ግራቪሊያ ነው፣ አትሳቅ፣ ደርሶብኛል። ከዚያ ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየዋለሁ። በስልክ ሳይሆን፣ በሚስቱ በኩል ሳይሆን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቁሜ። ሰው «ሥርህ ቱቦዬን ዘጋው» ሲባል ይከራከራል፤ ሥሩን ሲያየው ግን ዝም ይላል። እዚያው ላይ «እኔ ቱቦዬን በፒቪሲ እቀይራለሁ፣ አንተ በአጥሩ በኩል ሥር መከለያውን ሥራ» እለዋለሁ። እምቢ ካለ ያኔ የሰፈር ሽማግሌ አለ፣ ቀበሌም አለ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሥር መከለያ ያልኩት፣ በአጥሩ ሥር ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ቦይ ተቆፍሮ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ላሜራ ቆሞ የሚቀበርበት ነው። ሲሚንቶም ይሞላሉ፣ ግን ከተሰነጠቀ ሥሩ በስንጥቁ ያልፋል። ለባሕር ዛፍ ሙሉ መፍትሔ አይደለም፣ ከሥር ዞሮ ሊመጣ ይችላል። መንገዱን ግን ያስረዝምበታል፣ የሚያፈስ ቱቦ ከሌለ ደግሞ የሚያመጣው ምክንያት የለም። ቦዩ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ አይቆፈር፤ ባሕር ዛፍ ረጅም ነው፣ ሲወድቅ ወደ ማን ግቢ እንደሚወድቅ አይመርጥም።

ሌላ ነገር። ይህ የሚያፈስ ቱቦህ ከንጹሕ ውሃ መስመርህ ጋር በአንድ ቦይ ነው የተቀበረው? ብዙ ቤት እንዲህ ነው፣ አንድ ጊዜ ቆፍሮ ሁለቱንም ማስገባት ይረክሳላ። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን መስመሩ ውስጥ ግፊት አይኖርም። የውሃው ቧንቧ ትንሽ ቀዳዳ ካለው ከአፈሩ ውስጥ ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ልጆች በየጊዜው ሆዳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህንን ቶሎ እየው። ሁለቱን አራርቀህ፣ የንጹሑን ውሃ ከላይ፣ የፍሳሹን ከታች አድርገህ ለይ። ከጎረቤትህ ጋር ካለህ ጠብ ይልቅ ይህ ይቀድማል።

«ገና ልሠራ ነው፣ ምን ልትከል?»

«ቱላ በኩል ቤት እየሠራሁ ነው። መሠረቱ ወጥቷል፣ ፍሳሹ ገና ነው። ባለቤቴ ጥላ ትፈልጋለች፣ እናቴ እንሰት ትፈልጋለች፣ እኔ አቮካዶ እፈልጋለሁ። ከታንኩ ምን ያህል ላርቅ?» አዲስ ባለቤት

እሰይ፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ጠየቀ!

መጀመሪያ ወረቀት አውጣና ግቢህን ሣል። ፍሳሹ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ማንሆሎቹ የት እንደሚሆኑ፣ ታንኩና ማስረጊያው ጉድጓድ የት እንደሚቆፈሩ አስምር። ርቀታቸውን ከቤቱ ጥግ በሜትር ለክተህ ጻፍ። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ሜትሩ ጎን ለጎን ተዘርግቶ እንዲታይ አድርግ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቧንቧ ሠራተኛ «በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ሲልህ ያንን ፎቶ ማግኘት ምን ያህል ደስ እንደሚል አሁን አይገባህም።

ከዚያ ዛፉ። ፊከስ፣ ዋርካ፣ ሾላና ባሕር ዛፍ ለትንሽ ግቢ አይሆኑም። በሐይቁ ዳር ያሉትን ትልልቅ ሾላዎች አይተሃቸዋል አይደል? ጥላቸው ሥር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት ደስ ይላል፣ ግን ሥራቸው የት ድረስ እንደሚሄድ መሬቱ ላይ ይታያል። ሲተከሉ በማሰሮ የሚበቅሉ የሚመስሉት የፊከስ ችግኞች የእነሱ ዘመዶች ናቸው። ለባለቤትህ ጥላ ካስፈለገ ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ ከቱቦውና ከመሠረቱ ስምንት አሥር ሜትር ማራቅ ከቻልክ ይሁን። ካልቻልክ ዳስ ሠርተህ ወይን ሐረግ ብታወጣበት ይሻላል፣ ፍሬም ታገኛለህ።

አቮካዶህ ዋና ዋና ሥሩ ወደ ላይኛው አፈር ቅርብ ነው፣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ውሃ የሚቋጥር ቦታ ደግሞ አይወድም፣ ሥሩ ይበሰብስበታል። ስለዚህ ለቱቦህም ለእሱም ሲባል ከማስረጊያው ጉድጓድ አርቀው፤ ስድስት ሰባት ሜትር ካገኘህ ጥሩ ነው። ሎሚ፣ ሮማን፣ ዘይቱንና ጌሾ ትንንሽ ስለሆኑ ሦስት ሜትር ቢርቁ አያሳስቡም። ፓፓያም እንዲሁ።

የእናትህ እንሰት ደግሞ፣ ሲዳማ ምድር ላይ ቤት ሠርተህ እንሰት አይተከልም የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቅ። የእንሰትና የሙዝ ሥር እንደ ገመድ ነው፣ እንደ ዛፍ ወፍሮ ቱቦ አይፈለቅቅም። የሚያፈስ መጋጠሚያ ካገኘ ግን እሱም ይገባል፣ ስለዚህ በመስመሩ ላይ አትትከለው፣ በጓሮ በኩል ይሁን። ብዙ ሰው ሙዝን ማስረጊያው ጉድጓድ አጠገብ ይተክላል፣ ውሃ ስለሚጠጣለት። ሙዝ ከላይ ስለሚያፈራና ተልጦ ስለሚበላ ያን ያህል አይከፋም። ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ግን እዚያ አይተከሉም፣ መሬቱን የሚነካና ጥሬውን የሚበላ ነገር በፍሳሽ መሬት ላይ አይበቅልም።

ከታንኩ ላይ በቀጥታ ሣር ብቻ ይኑር። ክዳኑን በአፈር ቀብረህ አበባ አትትከልበት፤ ሲሞላ ፈልገህ ታጣዋለህ። ሰው ክዳኑን ለማግኘት ግማሽ ቀን ግቢውን በፌሮ ሲወጋ ያየሁት አንዴ ብቻ አይደለም።

ለታንኩ የፕላስቲክ በርሜል እቀብራለሁ ካልክ ደግሞ የመሬቱ ውሃ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ክረምት ላይ ቆፍረህ እይ። ውሃው ከፍ ባለበት ወቅት የፕላስቲክ ታንክ ካስመጠጥከው ባዶ ጀልባ ይሆናል፣ ከመሬት ተነስቶ ቱቦዎቹን ይዞ ይነቀላል። ካስመጠጡ በኋላ በሁለት ሳምንት ተመልሶ የሚሞላ ታንክም ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከቤት በሚመጣ ፍሳሽ አይደለም፣ በስንጥቁ የሚገባ የመሬት ውሃ ነው። ያው ስንጥቅ በበጋ ሥር ያስገባል።

ቱቦው ሲገጠም አንተ እዚያ ሁን። ሥራ ቦታ ፈቃድ ጠይቅ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሙጫው መቀባቱን በዓይንህ እይ፣ የውሃ ልኩን ራስህ ያዘው፣ ከዚያ ለሐይቅ ዳሯ እናት የጻፍኩላቸውን የውሃ ፈተና አስደርግ። ያለቀ ዕለት ፎቶውን ላክልኝ፣ ማንሆሉ የት እንደሆነ ሳትነግረኝ ካገኘሁት ጥሩ ሠርተሃል።